በሐጂ ከድር ኮት ላይ ያለችው ቀዳዳ

ባለፈው ሐሙስ በምሳ ሰዓት የቢሮ ባልደረባዬ ብሩክታዊት ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ያሰበችውን ሳታደርስ እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ ናት፤ አሁን ደግሞ ጨረቃና ፀሐይን ፎቶ ማንሳት አምሯታል። «አስቱዬ፣ አንቺ ድሮ ሞክረሽው ነበር አሉኝ። እስቲ ይቺን ቴሌስኮፕ እዪልኝ» ብላ ልትገዛ ያሰበችውን አሳየችኝ። ቀይ ቱቦ፣ የሸረሪት የሚመስሉ ቀጫጭን እግሮች፣ ሳጥኑ ላይ በትልቁ የተጻፈ ቁጥር። በጣቷ ስታንሸራትተው ከቱቦው ጋር የሚመጡት ትናንሽ ዕቃዎች ተከታትለው መጡ፤ መጨረሻ ላይ የጠርሙስ ክዳን የምታህል ጥቁር ብርጭቆ ብቅ አለች።

«የፀሐይ መከለያው ደግሞ ምርቃት ነው!» አለችኝ ደስ ብሏት።

ስልኩን ከእጇ ተቀበልኩ። ያቺን ብርጭቆ አውቃታለሁ። የአንድ ሰው አንድያ ዓይን ልታጠፋብኝ ለጥቂት ነው የተረፍኩት፤ እዚሁ ልደታ፣ ዛሬ ከቢሯችን መስኮት ቁልቁል የማየው ኮንዶሚኒየም ሳይሠራ በፊት፣ በድሮው ግቢያችን ውስጥ። ይህንን ለማንም አውርቼው አላውቅም ነበር። ለሰውዬውም ጭምር።

ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከፍርድ ቤቱ ትይዩ ባለች ጠባብ ፎቶ ቤት ውስጥ ለባለጉዳይ ጉርድ ፎቶ አነሳ ነበር። «ቀና በሉ፤ አይጨፍኑ» ስል እውላለሁ። ወንበሬ ላይ የሚቀመጠው ሁሉ ወይ ከሳሽ ነው፣ ወይ ተከሳሽ ነው፣ ወይ ወራሽ ነው፤ የሚስቅ አልነበረም። እንዲያ ስሠራ ከርሜ ክስ የሌለበትን ፊት ማንሳት አማረኝ። ጨረቃን ማለቴ ነው።

ከአገር የሚወጡ የውጭ ሰዎች የቤት ዕቃ ሲሸጡ ሁለት ቴሌስኮፖች አገኘሁ። አንዱ ረጅምና ወፍራም ቱቦ ነው፤ የቆመው ግን እንደ መቃ በቀጠኑ እግሮች ላይ ነው። ሌላው አጭር ነው፤ እግሮቹ ከባድ ብረት ናቸው፤ ቱቦውን የሚሸከመው አንገት ደግሞ መዘውር አለው። መዘውሩን ቀስ እያሉ ሲያዞሩት ቱቦው የሰማይን ጉዞ ይከተላል። እኔ ዓይኔ ያረፈው ረጅሙ ላይ ነበር። ዕቃ እንዲያዩልኝ ይዣቸው የሄድኩት ጋሽ ታፈሰ፣ ተክለ ሃይማኖት አጠገብ ቶርኖ ቤት ያላቸው ሰው፣ ሁለቱንም በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጓቸው። ረጅሙ እንደ ሰካራም ሲወዛወዝ ቆየ። አጭሩ ንቅንቅም አላለ።

«ልጄ፣ ፎቶ የምታነሺው በቱቦው መስሎሻል» አሉኝ። «በእግሩ ነው።»

አጭሩን ገዛሁ። ችግሩ የጀመረው ግቢያችን ካስገባሁት በኋላ ነው። መመሪያው የተጻፈው ለብርድ አገር ሰዎች ነው። አንገቱን ወደ ሰሜን ኮከብ አቅኑ ይላል፤ በነሱ አገር ኮከቡ ሰማዩ አጋማሽ ላይ ይታያል። እኛ ዘንድ ከአድማስ በላይ ዘጠኝ ዲግሪ ብቻ ነው፤ ከእንጦጦ ጀርባ ብዙም ቀና አይልም። አንገቱን እስከዚያ ዝቅ ሳደርገው ከቱቦው ማዶ የተንጠለጠለው ሚዛን መጠበቂያ ብረት ከእግሩ ጋር ይጋጫል። መቼም አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ይህን ይጠቀማል ብሎ ያሰበ አልነበረም። ብረቱን ተሸክሜ በጥር አቧራ ከልደታ እስከ ተክለ ሃይማኖት በእግሬ ወረድኩ። ጋሽ ታፈሰ ዘንጉን ቆርጠው አሳጠሩት፤ የሚዛኑን ብረት በምትኩ አወፈሩት። ካሜራዬን ከቴሌስኮፑ ጀርባ የሚይዝልኝን ቀለበትም ጠርበው ሰጡኝ። ሁሉንም ገጣጥመን ስንጨርስ ያቺን ጥቁር ብርጭቆ ከሳጥኑ ጥግ አወጧት።

«ይቺስ ምንድናት?»

«ፀሐይ ለማየት ናት። እዚህ ዓይን የሚጠጋበት ላይ ትጠመዳለች።»

«እዚህ? እሳቱ ተሰብስቦ የሚወጣበት ላይ?» መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ብረት በይጃለሁ። መከለያ እሳቱ ከመግባቱ በፊት ነው የሚደረገው፤ አፉ ላይ። ይቺን ጣያትና ለቱቦው አፍ ክዳን ልሥራልሽ። በጣም ጥቁሩን የበያጅ መስታወት እገጥምበታለሁ።»

ሠሩልኝ። በእርሱ ሳያት ፀሐይ አረንጓዴና ደብዛዛ ሆነችብኝ። «ጋሽ ታፈሰ፣ ፎቶዬን ያበላሽብኛል» አልኳቸው። «ይበላሻ!» ብለው ጮኹብኝ። አመስግኜ ክዳኑን ይዤ ወጣሁ፤ ቤት ስደርስ አልጋ ሥር ወረወርኩት። ልጅነት ነው እንዳልል ሃያ ስድስት ዓመት ልጅነት አይደለም። ሰው ያማረ ነገር ሲፈልግ ጆሮው ይደፈናል።

በዚያው ሰሞን ሬዲዮ በጠዋት የፀሐይ ግርዶሽ እንደሚሆን አወራ። ጥር ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ግቢያችን ደግሞ ሊፈርስ ቀይ ቀለም ተቀብቷል። ከዚያ ግቢ የማነሳው የመጨረሻ ነገር ይህ ይሁን አልኩ። የቀረኝ ቴሌስኮፑን ከሰሜን ጋር ማስተካከል ብቻ ነበር። ሳምንት ሙሉ አመሻሽ ላይ ሰሜን ኮከብን ብፈልግ በመርካቶ ጭስና መብራት ውስጥ ድራሹ ጠፋ። ኮምፓስ አመጣሁ፤ ኮምፓሱም በቆርቆሮው አጥርና በብረቱ በር መካከል ግራ ገብቶት አንዴ ወደ መጸዳጃ ቤቱ አንዴ ወደ ጎረቤት ያሳየኛል። እናቴ ከበሩ ላይ ሆና፣ «እኛ የምንጸልየው ወደ ምሥራቅ ነው። ሰሜንን ምን ልታደርጊው ነው?» አለችኝ።

ሳቁ ከሱቁ መጣ። ሐጂ ከድር ነበሩ፤ በግቢያችን በር ላይ ሱቅ ያላቸው ጎረቤታችን። ጠዋት ጠዋት ትኩስ ቦምቦሊኖ ይሸጡ ስለነበር የግቢያችን ልጆች ሁሉ ያደግነው በእርሳቸው ዘይት ሽታ ነው። ግራ ዓይናቸውን በልጅነታቸው እሾህ አጥፍቶባቸዋል። በቀረችው አንዷ ሚዛን ይመዝናሉ፣ በአንዷ ቁርዓን ይቀራሉ፣ በአንዷ ደግሞ ሳይከፍል የሚወጣውን ከሩቅ ይለያሉ።

«አስቱ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው?»

«ሰሜን ጠፋኝ፣ ሐጂ።»

«ሰሜን ጠፋኝ!» ብለው እንደገና ሳቁ። «እኔ እዚህ ግቢ ሠላሳ ዓመት ወደ ሰሜን ሰግጃለሁ። መካ ከዚህ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው፤ ትንሽ፣ ይቺን ታህል፣ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል።» ጠመኔ ከሱቅ አመጡና መስገጃቸውን በሚያነጥፉበት አቅጣጫ ሲሚንቶው ላይ ረጅም መስመር አሰመሩልኝ። እኔም ያሉኝን ያህል ወደ ግራ መለስ አድርጌ የቴሌስኮፑን እግሮች አቆምኩ። በማግስቱ ጠዋት ፀሐይ ላይ ስሞክረው አንዷን መዘውር ብቻ ሳዞር ፀሐይዋ ከመሐል አልወጣ አለች! ጮኼ ዘለልኩ። ጥቁሯንም ብርጭቆ ለሁለት ለሦስት ደቂቃ ሞከርኳት፤ ምንም አልሆነችም፤ ፀሐይ እንደ ብርቱካን ጥርት ብላ ታየችኝ። ጋሽ ታፈሰ ሲያጋንኑ ነው አልኩ በልቤ።

«ሐጂ፣ የግርዶሹ ዕለት የመጀመሪያዋ እይታ የእርስዎ ናት» አልኳቸው። «እርስዎ ሳያዩ እኔ አላይም። ቃሌ ነው።»

ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም፤ ያደግነው እንደዚያ ነው። ምግብ ላይም፣ በር ላይም፣ ሰማይ ላይም ያው ነው ብዬ ነበር።

የግርዶሹ ዕለት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። እናቴ ውኃውን ከድና፣ መስኮቱን ዘግታ፣ እኔን እየተራገመች ቤት ገብታለች። የሌሎቹም በር ተዘግቷል፤ ግቢው ውስጥ እኔና ከምሥራቁ አጥር ጋር የቆመው የቁንዶ በርበሬ ዛፍ ብቻ ነበርን። የቱቦው ጥላ መሬት ላይ እጅግ እስኪያጥር እያዞርኩ፣ በእርሱ ብቻ ፀሐይዋን መሐል አስገባሁ። በቃሌ መሠረት ዓይኔን አላስጠጋሁም። ካሜራዬ ከነሌንሱ አንገቴ ላይ፣ ቀለበቱ ኪሴ ውስጥ ነው። ሐጂ አንድ ጊዜ ካዩልኝ በኋላ ካሜራውን እጠምዳለሁ፤ ፎቶዬን አነሳለሁ። ወንበር አምጥቼ ጀርባውን ወደ ቴሌስኮፑ አስጠጋሁት፤ ጎንበስ ሲሉ እጃቸውን እንዲያሳርፉበት ነው።

ሁለት ሰዓት ሲሆን ጠራኋቸው። ከነጭ ጀለቢያቸው ላይ ልጃቸው ያሰፋችላቸውን ግራጫ የሱፍ ኮት ደርበው መጡ። ወንበሩን ተደገፉ። ጎንበስ አሉ። ደህናዋ ዓይናቸው ከብርጭቆዋ አንድ ስንዝር ስትቀራት ቀና አሉ።

«ቆይ ልጄ። መጀመሪያ ሰላት።»

«ሐጂ! ያልፋል እኮ!»

«የግርዶሽ ሰላት አለ። ሰማይ ሲለወጥ መጀመሪያ ወደ ባለቤቱ ነው። አትቸኩዪ፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማሽም?»

ኮታቸውን አውልቀው ወንበሩ ጀርባ ላይ አንጠለጠሉት። እጅጌያቸውን ሰብስበው በጀሪካን ውኃ ታጠቡ። መስገጃቸውን በጠመኔው መስመር ላይ፣ ከቴሌስኮፑ እግር ሦስት እርምጃ ርቀው አነጠፉ። ከዚያ ቆሙ። እንደዚያ የረዘመ ስግደት አይቼ አላውቅም። ቆመው ቁርዓን ይቀራሉ፣ ይቀራሉ፣ ጎንበስ ይላሉ። አሁን ሊደፉ ነው ስል ተመልሰው ይቆማሉ፤ እንደገና ይቀራሉ።

እኔ መዘውሩን አዞራለሁ። ቱቦው ፀሐይዋን እንዳይለቃት፣ ሐጂ ሲጨርሱ ተዘጋጅታ እንድትጠብቃቸው። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ አሥራ አምስት። ብርሃኑ መገርጣት ጀመረ፤ የምሽት አይደለም፣ የደመናም አይደለም፤ ቀለሙ የተጠባ ብርሃን ነው። የጎረቤት ዶሮ ግራ ገብቶት ጮኸ። ብርዱ ባሰ። ፀሐይዋ አሁን ቀጭን ሆናለች፤ ጊዜው ይሄው ነው፤ እያለፈ ነው፤ እርሳቸው ገና ሁለተኛው ዙር ስግደት ላይ ናቸው። እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩባቸው። እኔ ልይ ብዬ ሁለት ጊዜ ጎንበስ አልኩ፤ ሁለት ጊዜ ቃሌ መለሰኝ። መዘውሩን ይዤ ጥርሴን ነከስኩ።

ከዚያ ጠቅ አለ።

ትንሽ ድምፅ ናት። የፈላ ሻይ ሲቀዳበት የሚሰነጠቅ ብርጭቆ የሚያሰማው ዓይነት። ዞር ስል ጥቁሯ ብርጭቆ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቃ ግማሿ ወድቋል፤ ከቀዳዳው የወጣው ነጭ ጨረር የሐጂ ኮት ትከሻ ላይ አርፏል። ከኮቱ ቀጭን ጭስ ተነሳ። የተቃጠለ ሱፍ ሸተተኝ።

ቱቦውን በክንዴ ገፍቼ ከፀሐይ አስወጣሁት፤ ኮቱን በጣቶቼ ጨምቄ አጠፋሁት። ምስር የምታህል ጥቁር ቀዳዳ ቀረች። ቀዳዳዋን አየሁ፤ ወንበሩን አየሁ፤ ሐጂ ጎንበስ ብለው የነበሩበትን ቦታ አየሁ። ዓይናቸው የነበረችው እዚያ ነው። እዚያው። ያቺ አንዷ። ሰላቱ ባይኖር፣ ወይም አጠር ያለ ቢሆን፣ ወይም እርሳቸው እንደ እኔ ዓይነት ችኩል ቢሆኑ፣ ያቺን ቀዳዳ ሱፍ ላይ አላያትም ነበር። ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ።

ያን ጊዜ ነው ቀና ስል ያየሁት። በቁንዶ በርበሬው ቅጠሎች መካከል ያለፈው ብርሃን ሁሉ ማጭድ ማጭድ ሆኗል። በግድግዳው ላይ፣ በመሬቱ ላይ፣ ግንባራቸውን መስገጃው ላይ በደፉት ሐጂ ነጭ ጀርባ ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ትናንሽ የተጋረዱ ፀሐዮች ይንቀጠቀጣሉ። ያለ ቴሌስኮፕ፣ ያለ መዘውር፣ ያለ ጥቁር ብርጭቆ። ካሜራውን አነሳሁና አንዴ ብቻ ጫንኩት።

ሰላታቸውን ጨርሰው መጡ። «እሺ አስቱ፣ አሁን እንያት።»

«ብርጭቆው ተሰበረ፣ ሐጂ።»

«እንዴት ተሰበረ?»

«እንዲያው... በራሱ።»

በአንዷ ዓይናቸው ረጅም ጊዜ አዩኝ። «የእኔ ሰላት ነው ያስመለጠሽ» አሉ ቀስ ብለው። «አውፍ በይኝ፣ ልጄ።»

እኔም፣ «ምንም አይደል» አልኳቸው። ይቅር አልኳቸው! ሰው ዓይኑን ሊያሳጣው የነበረውን ሰው ይቅርታ ይጠይቃል፣ ያም ተቀብሎ ዝም ይላል። ኮታቸውን አነሱ፣ ለበሱት፣ ሱቃቸውን ሊከፍቱ ሄዱ። ቀዳዳዋ ትከሻቸው ላይ ሆና ከእኔ ስትርቅ ቆሜ አየኋት።

ከዚያ በኋላ ግቢው እስኪፈርስ ድረስ ዳቦ በገዛሁ ቁጥር ያቺን ቀዳዳ ሳላይ ውዬ አላውቅም። ፎቶውን በትልቁ አጥቤ ሰጠኋቸው፤ ሱቁ ውስጥ ከስኳሩ በላይ ሰቀሉት። ልደታ ሲፈርስ እርሳቸው ወደ ጀሞ ሄዱ፤ ቴሌስኮፑን ሸጥኩት። በየዒዱ ስደውልላቸው መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ያቺን ፀሐይ እንዳስመለጥኩሽ ቀረሁ» ይሉኛል። እኔም ሁልጊዜ፣ «ኧረ ይተውት ሐጂ» እላለሁ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ይኸው ፀጉሬ ሸበተ።

ሐሙስ ዕለት ብሩክታዊት ያንን ምርቃት ስታሳየኝ ግን ሆዴ መፍጀት አቃተው። ቅዳሜ ብርቱካን ገዝቼ ጀሞ ሄድኩ። ልጃቸው ዘሀራ በሩን ከፈተችልኝ። ሐጂ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሸምግለዋል፤ ዓይናቸው ግን ያው ናት። ፎቶው ከራሳቸው በላይ ተሰቅሏል። ሻዩ ሳይመጣ ጀመርኩት፤ ቆይቼ እንዳልፈራ። የጋሽ ታፈሰን ማስጠንቀቂያ፣ ብርጭቆዋን፣ ጭሱን፣ ውሸቴን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ዘሀራ፣ ያንን ኮት አምጪው» አሉ።

አመጣችው። ትከሻው ላይ በጥሩ እጅ የተሰፋች ቦታ አለች፤ ካልፈለጓት አትታይም። «ሰፊው፣ ‹ሐጂ፣ ሲጋራ ጀመሩ እንዴ?› አለኝ። ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ያንን ሰምታ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ።»

«ያውቁ ነበር?»

«ሱፍ ሲቃጠል የማይሸተው ነጋዴ አለ? እየሰገድኩ እኮ ነው የሸተተኝ።»

«ታዲያ ለምን እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ?»

«አመድ መስለሽ ነበር፣ ልጄ። ከሁለት አንዳችን ይቅርታ መጠየቅ ነበረብን፤ አንቺ አፍሽ አልታዘዝልሽ አለ። እኔ ጠየቅኩ።» ብርቱካኑን መላጥ ጀመሩ። «በየዒዱም የማነሳው አንቺ እንድትገቢበት በሩን ልክፈትልሽ ብዬ ነበር። ቆየሽ እንጂ።»

አለቀስኩ። ግማሹን ብርቱካን ሰጡኝ።

ከዚያ ወዲህ ሳስበው፣ ቃሌን አለመብላቴን እንደ ጨዋነት ስቆጥረው ኖሬያለሁ። አደገኛውን ነገር ታናሽ ቀድሞ መቅመሱም ለታላቅ የሚሰጥ ክብር እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ለብሩክታዊት መልሴን ሰጥቻታለሁ፤ በቱቦው ሳይሆን በእግሩ ምረጪ፣ አንገቱ እስከ ዘጠኝ ዲግሪ መውረዱን አረጋግጪ፣ ምርቃቷን ግን በመዶሻ ምቺያት ብያታለሁ። የጋሽ ታፈሰ ክዳን ሦስት ቤት ስቀይር አብሮኝ ዞሯል፤ ትናንት አቧራውን ጠርጌ ስንጥቅ እንደሌለው በመብራት አየሁት፤ ለአዲሱ ቱቦ አፍ እንዲገጥም አደርገዋለሁ።

የብሩክታዊት ቴሌስኮፕ እንደ መጣ እሷ፣ ዘሀራና እኔ ጀሞ ሐጂ ቤት ሰገነት ላይ እንተክለዋለን። ሰሜኑን እንደ ድሮው እርሳቸው ያሳዩናል፤ ጠመኔ ዘሀራ ገዝታለች። ክዳኑ አፉ ላይ ይሆናል፤ ፀሐይዋ አረንጓዴና ደብዛዛ ትወጣለች፤ ትውጣ። የመጀመሪያዋን እይታ ግን ዘንድሮ ለእርስዎ አልሰጥም ብያቸዋለሁ። ቀድሜ የምጎነበሰው እኔ ነኝ።